ያሰርናት ግልገል ምን ትብላ?

(በሬዲዮ የቤተሰብ ፕሮግራም ላይ ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

  

 ዛሬ ይዘን የቀረብነው ርእስ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሊያሰኛችሁ ይችላል። የምንነጋገረው ስለ ድመት ግልገል ምግብ ነው። «የልጆቻችን ጉሮሮ መች ሞላና ነው ስለ ድመት የምናወራው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ይህንኑ እንል ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጠን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ስለሆነ፣ ከእርሱ ብንጀምር ይሻላል።

የምንኖረው ወረታ ነው። ወረታን ለማታውቁ አድማጮቻችን፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር 55 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ የምታገኟት፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ሜዳ ነው፤ ሜዳውም ሩዝ ነው። ቀድሞ «ፎገራ» ሲባል ሰው የሚያስበው ላሟን ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ ከገባ ወዲህ ግን ከተማው በሩዝ መፈልፈያ፣ የየቤቱ ጓዳ ደግሞ በጆንያ ተሞላ። እህል ባለበት አይጥ አለ። ጆንያውን ይቀድዳል፤ ከሚበላው ይልቅ የሚያበላሸው ይበልጣል። ስለዚህ በእኛ አካባቢ ድመት ለጌጥ አትያዝም፤ የጓዳ ዘበኛ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎረቤታችን ግልገል ሰጡን። ከተወለደች አንድ ወር ከሳምንት ቢሆናት ነው። እንደ አገሩ ልማድ ወደ እናቷ እንዳትመለስ፣ ቤቱንም እንድትለምድ ብለን ከጓዳው ምሰሶ ላይ በሲባጎ አሰርናት። ጠዋት ወተት፣ ማታ ከእራት የተረፈ ሩዝ ወይም በወጥ የራሰ እንጀራ እንሰጣታለን። ደግ የሠራን መስሎናል። ወር ሳይሞላ ሆዷ ተነፋ፤ ጎኗ ግን ከሳ። ተቅማጡ አልለቃት አለ። ውሎ አድሮ የኋላ እግሮቿ ከዷት፤ ስናነሳት ትጮሃለች። እኛም «ዕድሜዋ አጭር ሆኖ ነው» ብለን ተውናት።

በዚያው ሰሞን ስምንት ዓመት የሆነው ልጃችን ከቁርኣን ቤት መጥቶ እራት ላይ እንደተቀመጥን፣ «አባዬ፣ ያች ሴትዮ ድመቷን ያሰረቻት በምንድን ነው?» ሲል ጠየቀ። ኡስታዙ የነገሯቸውን ሐዲስ ማለቱ እንደሆነ ገባን። በምን እንዳሰረቻት የተነገረ ነገር የለም አልነው። ትንሽ ዝም ብሎ ወደ ጓዳው ተመለከተና «በሲባጎ ይሆን?» አለ። እራቱ በዚያው ቀረ።

ሐዲሱን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። በድመት ሰበብ ለቅጣት ስለተዳረገች ሴት ይናገራል፤ ድመቷን ይዛ አቆየቻት እንጂ አላበላቻትም፣ በምድር ላይ ከሚሳቡት ተባዮች አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚሁ ሞተች። ኢማም አን-ነወዊ ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ የእንስሳ ቀለብ በባለቤቱ ላይ ግዴታ መሆኑ ከዚህ እንደሚወሰድ ጽፈዋል።

አድማጮቻችን ልብ በሉልን። ለሴትየዋ ሁለት በር ክፍት ነበር፤ ማብላት ወይም መልቀቅ። ትልቅ ድመት ያለው ሰው «ለቅቄያታለሁ፣ አድና ትብላ» ቢል ያስኬደው ይሆናል። የሁለት ወር ግልገል ግን ምን ታድናለች? ማደንን የምትማረው ከእናቷ ነው፤ እኛ ደግሞ ከእናቷ ለይተናታል። ጥርሷ ገና የወተት ጥርስ ነው። ለእርሷ መለቀቅ ማለት ለውሻና ለረኃብ መሰጠት ነው። እንግዲህ ግልገል ወደ ቤቱ ላመጣ ሰው የቀረው በር አንድ ብቻ ነው፤ ማብላት። ማብላት ሲባልም ሆድ መሙላት ብቻ አይደለም። እኛ የዚያችን ግልገል ሆድ በየቀኑ ስንሞላው ነበር።

እዚህ ላይ በአካባቢያችን የተለመደ አንድ አባባል ሳናነሳ አናልፍም። «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» ይባላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤት ግልገሏን እያወቀ ያስርባታል። ነገሩ ስሕተት ነው። ድመት አይጥ የምታሳድደው ስለራባት ብቻ አይደለም፤ ጠግባ ተኝታም ኮሽታ ስትሰማ ትነሣለች። ገድላ ሳትበላ የተወችውን አይጥ ጠዋት በሩ ላይ ያላገኘ ማን አለ? «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የተባለውም ይህንኑ ታዝበው ነው። በረኃብ ያደገች ድመት ግን ቀጭጫ ትቀራለች፤ አይጧን የምትቀድምበት ጉልበት አይኖራትም። የጎረቤት ሌማት መክፈት ትለምድና እናንተንም ከጎረቤት ታጣላችኋለች።

ታዲያ ምን ትብላ? እኛ ሰዎች፣ ውሻም ጭምር፣ ከእህልም ከሥጋም ተጠቅመን መኖር እንችላለን። ድመት ግን ሥጋ በል ሆና የተፈጠረች ናት። ዘሯ በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖር የዱር ድመት ይመዘዛል። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጡን ተከትላ ወደ ሰው መንደር እንደቀረበች ሊቃውንቱ ያስረዳሉ። ከእኛ ጋር ያገናኛት ጎተራው ነው ማለት ነው፤ የጎተራው እህል ግን ምግቧ አይደለም።

ምክንያቱን ዘርዘር አድርገን እንየው። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የሰው አካል ከሚበላው ምግብ ራሱ ይሠራዋል፤ ድመት ግን የሚበቃትን ያህል መሥራት አትችልም። ከሥጋና ከዓሣ ካላገኘችው የትም አታገኘውም፤ በሩዝ፣ በጤፍና በሽሮ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1975 ታውሪን ያጣች ድመት ዓይኗ ከውስጥ እየተበላሸ እንደሚታወር ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የልብ ጡንቻዋ ሳስቶና ልቧ ሰፍቶ የምትሞተው በዚሁ እጦት ሊሆን እንደሚችል ታወቀ። ቪታሚን ኤም እንደዚሁ ነው። እኛ ካሮትና ጎመን በልተን ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ ይለውጥልናል፤ የእርሷ ሰውነት ይህን አይሠራም፤ ከጉበት፣ ከእንቁላል አስኳልና ከመሳሰሉት በቀጥታ ማግኘት አለባት። ገንቢ ምግብን በተመለከተም ለምታድግ ግልገል የሚመከረው ውኃው ሳይቆጠር ከምግቧ ከመቶ 30 እጅ ያላነሰው ገንቢ እንዲሆን ነው። ሩዝ ከመቶ 7 እጅ ግድም ነው ያለው። እንግዲህ እኛ በሩዝ ስናሳድጋት ምን እየሠራን እንደነበር ተመልከቱ።

ስለ ወተት ብዙ ክርክር ስላለ ትንሽ እንቆይበት። «ድመት ወተት ትወዳለች» የሚለው እውነት ነው፤ ትወዳለች። የምትወደው ሁሉ ግን አይስማማትም። በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጨው ነገር ግልገሏ ጡት እየተወች ስትሄድ በሆዷ ውስጥ እየቀነሰ ይመጣል። ያልተፈጨው ስኳር አንጀቷ ውስጥ ገብቶ ተቅማጥ ይሆናል፤ ተቅማጥ ደግሞ አንድ ኪሎ ያልሞላችን ፍጥረት በሁለት ቀን ያደርቃታል። የፎገራ ላም ወተት ለልጆቻችሁ ይሁን። ለግልገሏ ንጹሕ ውኃ በየቀኑ እየተቀየረ ይቀመጥላት። እርጎ አልፎ አልፎ በጥቂቱ ብትልስ ከትኩስ ወተት ይሻላታል፤ መፍላቱ የስኳሩን የተወሰነ ክፍል ስለሚቀንሰው ነው። ያም ሆኖ እንደ ምግብ አይቆጠርላትም።

እናቷ የሞተችባት፣ ዓይኗን እንኳ በቅጡ ያልከፈተች ግልገል ስታጋጥማችሁስ? ያኔ ከሁሉ የሚበልጠው በመንደሩ የምታጠባ ሌላ ድመት ፈልጎ ከልጆቿ ጋር መቀላቀል ነው፤ ብዙዎቹ ሳይመርጡ ያጠባሉ። የድመት ወተት ከላም ወተት እጥፍ ያህል ገንቢ ምግብ ስላለው የላም ወተት ብቻውን አያሳድጋትም። ሌላ መላ ከጠፋ አንድ ኩባያ የተፈላ ወተት ውስጥ አንድ የእንቁላል አስኳል መትቶ፣ ለብ አድርጎ፣ በሆዷ እንደተኛች በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ለአንድ ሁለት ቀን ነፍስ ያቆያል። በጀርባዋ አስተኝቶ መጋት ወደ ሳንባዋ ስለሚገባ ይገድላታል። በዚያች አንድ ሁለት ቀን ውስጥ የምታጠባዋን ድመት መፈለጉ እንዳይረሳ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የፎገራ ሰው «ሥጋ ለድመት ከየት አመጣለሁ?» ቢል አያምርበትም፤ ጣና ከጎኑ ነውና። ከናበጋና ከዋገጠራ በኩል ወደ ወረታ የሚመጣውን ዓሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ቆሮሶው፣ አምባዛው፣ ነጩ ዓሣ። ዓሣው ተበልቶ ፊሌቶው ለሆቴል ከተሸጠ በኋላ ጭንቅላቱና ከአጥንቱ ጋር የቀረው ሥጋ የትም ይጣላል። ለግልገል ድመት ከዚህ የተሻለ ምግብ በወረታ ገበያ የለም። ዋጋውም አይከብድም፤ አንዳንዱ ነጋዴ በነጻ ይሰጣችኋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጭንቅላቱን በሚገባ አጥባችሁ ስንጥቡን አውጡለት። ጨው፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ ሳይገባበት በጥቂት ውኃ ቀቅሉት። ሲበርድ ሥጋውን በእጃችሁ እየለቀማችሁ ከአጥንቱ ለዩ፤ ጣታችሁ ያላገኘውን እሾህ የእርሷ ጉሮሮ ያገኘዋል። የተቀቀለበትን ውኃ እንዳትደፉት፤ ያ ታውሪን የተባለው በውኃ ስለሚሟሟ እኩሌታው መረቁ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሥጋውን በመረቁ አርጥባችሁ ለብ ሲል ስጧት። ሩዝ መጨመር ካስፈለገ በጣም የበሰለ ይሁን፤ መጠኑም ከአራት እጅ አንዱን አይለፍ።

«ድመት ጥሬ ነው የምትወደው፣ ለምን ይቀቀላል?» ብለው የጠየቁን አሉ። በአንዳንድ ዓሦች ጥሬ ሥጋ ውስጥ ቪታሚን ቢ አንድን የሚያጠፋ ነገር አለ፤ ጥሬ ዓሣ ዘወትር የምትበላ ግልገል ውሎ አድሮ እየተንገዳገደች ትሄዳለች፣ አንገቷ ወደ ታች ይደፋል፣ ያንቀጠቅጣታል። እሳት ይህን ነገር ያጠፋዋል። ከዚህም ሌላ በጥሬው ውስጥ ያለው የትል እንቁላልና ጀርም በመቀቀል ይሞታል። ዓሣም ቢሆን በየቀኑ እርሱ ብቻ አይሁን። በመካከሉ የዶሮ ሥጋ፣ የበግ ወይም የከብት ልብ፣ የተቀቀለ እንቁላል ይግባበት። ልብ ከሁሉ ይመረጣል። ሳንባ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን አያሳድግም። ጉበት ጥሩ ነው፤ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ የአውራ ጣት ያህል። ጣፋጭ ስለሆነባት ሌላውን ትታ እርሱን ትጠብቃለች፤ በየቀኑ ከሰጣችኋት ቪታሚን ኤ በሰውነቷ ተጠራቅሞ የአንገቷን አጥንት ያደርቀዋል።

የእኛዋ ግልገል እግሯ ለምን እንደከዳት የተረዳነው ዘግይተን ነው። ከልጃችን ጥያቄ በማግስቱ በቅርጫት ይዘናት ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ እግሯን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ ምን እንደምናበላት ጠየቀን። ስንነግረው አጥንቷ ካልሲየም አጥቶ ሳስቷል አለን። እኛም አፍረን «ከዛሬ ጀምሮ ሥጋ ብቻ ነው የምትበላው» ስንለው፣ «እንዲያ ካደረጋችሁማ ትብስባታለች» ሲል መለሰልን። ገረመን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድመት አይጥ ስትበላ ከነአጥንቱ ነው የምትበላው። ካልሲየም ያለው አጥንቱ ውስጥ ነው። አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ የምትበላ ግልገልም እንደ ሩዝ በሊታዋ አጥንቷ ይሳሳል፤ ዘልላ ስትወርድ እግሯ ሊሰበር ይችላል።

መድኃኒቱ እያንዳንዱ ቤት የሚጥለው የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን አጥባችሁ፣ ምጣድ ላይ አድርቃችሁ፣ እንደ ዱቄት እስኪልም ውቀጡት። አጥንት ለሌለው ግማሽ ኪሎ ሥጋ ወይም ዓሣ አንድ የሻይ ማንኪያ በቂ ነው። ትናንሽ ዓሦችን ለረጅም ሰዓት ቀቅላችሁ አጥንታቸው በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚፈረካከስ ከሆነም አላምጦ መስጠት ይቻላል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ግን እንዳትሰጡ። ሲበስል እንደ መርፌ እየሾለ ስለሚሰበር አንጀት ይበሳል።

አልሐምዱ ሊላህ ግልገሏ በሁለተኛው ወር ቆመች። አንዷ የኋላ እግሯ እስከ ዛሬ ቆልመም ያለች ናት። ከነዚህ እግሯ አይጥ ትይዛለች።

ከወጥ የተረፈውን ስለ መስጠት ደግሞ አንድ ነገር እንበል፤ በየቤቱ ሳናስበው የምንሠራው ጥፋት ነውና። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ናቸው። ቀይ የደም ሴሏን ይሰብሩታል፤ ጥሬ ሆነ የበሰለ ልዩነት የለውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። አንድ ቀን በላች ብላችሁ አትደንግጡ፤ በየማታው የወጥ ፍትፍት ስትበላ ግን ደሟ እያነሰ ድዷ ይነጣል፤ ስንፍና የሚመስል ድካም ይይዛታል። ሥጋ በምትሠሩበት ቀን ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት የእርሷን ቁራጭ ለይታችሁ ቀቅሉላት። ይኸው ነው፤ ሌላ ድካም የለውም።

በዚህ ላይ «እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ድመት ከበላችበት ምግብ በልተው የለም ወይ? እኛስ ከምንበላው ብናበላት ምን አለበት?» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። አቡ ዳውድ የዘገቡት ታሪክ እውነት ነው። ለዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐሪሳ ተላከላቸው፤ ሶላት ላይ ስለነበሩ አስቀምጪው ብለው በምልክት አሳዩ፤ ድመት መጥታ ከእርሱ ቀመሰች፤ እርሳቸውም ሲጨርሱ ድመቷ ከበላችበት በኩል በሉ። ሐሪሳ ግን ከስንዴና ከሥጋ ተቀቅሎ የሚሠራ ገንፎ መሰል ምግብ ነው፤ የበርበሬ ወጥ አይደለም። የሐዲሱ ትምህርትም ስለ ንጽሕና ነው። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ በተቀዳላቸው ውኃ ድመት ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው ያጠጧት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በዙሪያችን ከሚመላለሱት ወገን እንደሆነች መናገራቸውን ጠቅሰው ነው። በነገራችን ላይ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙዒዛ የምትባል ድመት ነበረቻቸው፣ እንዳትነቃ ብለው የልብሳቸውን እጅጌ ቆረጡ» የሚለው ወሬ ሰው አፍ ላይ በዝቷል። በታወቁት የሐዲስ መዛግብት መሠረት የለውም። ለድመት ለማዘን ያልተባለውን መናገር አያስፈልገንም፤ የተባለው ይበቃል።

አሁን ወደ መጠኑ እንመለስ። የግልገል ሆድ ትንሽ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ከሁለት ወር እስከ አራት ወር በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከስድስት ወር በኋላ ሁለት ጊዜ ትብላ። አንድ ኪሎ የምትመዝን ግልገል በቀን ከ150 እስከ 200 ግራም የበሰለ ሥጋ ወይም ዓሣ ትፈልጋለች። በቡና ሲኒ ብትለኩት በአንድ ጊዜ ከሲኒ ጎደል ያለ ማለት ነው። ለዓሣ ጭንቅላት ይህ ከባድ አይደለም። ምግቡ የሚበቃት መሆኑን ለማወቅ በሳምንት አንድ ጊዜ በዘንቢል አድርጋችሁ ከሱቅ ሚዛን ላይ አስቀምጧት፤ በሳምንት 100 ግራም ግድም መጨመር አለባት። የጎድን አጥንቷ በእጅ ሲዳሰስ ሊታወቅ፣ በዓይን ግን ሊቆጠር አይገባም። የተረፈውን ምግብ በወረታ ሙቀት ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ አታቆዩት።

በአዲስ አበባ ያላችሁ አድማጮቻችን በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች በከረጢት የሚሸጥ የድመት ምግብ ታገኛላችሁ። ለግልገል የተዘጋጀ መሆኑን ከላዩ አንብቡ፤ የውሻው አይሆንም፤ ለድመት የሚበቃ ታውሪን ላይኖረው ይችላልና። ደረቅ ስለሆነ ውኃ አጠገቡ ይኑር።

ሆዷ ተነፍቶ ጎኗ የከሳ ግልገል አብዛኛውን ጊዜ ትል አለባት። ትሉ ከእናቷ ወተት ጋር ሳይቀር ይተላለፋል፤ ስለዚህ «ከቤት አልወጣችም» ማለት አያድናትም። ምንም ብታበሏት የሚወፍረው ትሉ ነው። መድኃኒቱን በክብደቷ ለክቶ የሚሰጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ ለበግ ከተገዛው ላይ ቆርሶ መስጠት አይገባም። በዚያው አጋጣሚ ሦስት ወር ሲሞላት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣት። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን ደግሞ የድመቷን ዓይነ ምድር በእጃቸው አይጥረጉ፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሕዋስ ለጽንስ አደገኛ ነው። ተሕዋሱ ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት፣ ሌላ የቤቱ ሰው በየቀኑ ቢያነሳውና እጁን በሳሙና ቢታጠብ ብዙ ይጠብቃል። የግልገሏን ሥጋ መቀቀል እዚህም ላይ ይጠቅማል፤ ተሕዋሱ ወደ እርሷ ከሚገባበት መንገድ አንዱ ጥሬ ሥጋ ነው።

የአይጥ መርዝን ሳናነሳ ብናልፍ የተናገርነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው በውኃ ሲዋጥ የማሳው አይጥ ወደ ደረቁ፣ ወደ ቤት ይገባል። በ1998 ክረምት ጎርፉ በፎገራና በሊቦ ከምከም ሰዉን ሳይቀር ከቤቱ ያፈናቀለበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በእንዲህ ያለው ወቅት ሰው ተማርሮ መርዝ ይበትናል። መርዝ የበላ አይጥ ቶሎ አይሞትም፤ እየተንገዳገደ ይቆያል፤ ገና ማደን ለምትለማመድ ግልገል ከእርሱ የቀለለ አደን የለም። እርሱን በልታ ትከተለዋለች። በአንድ ቤት ድመትና የአይጥ መርዝ አብረው አይኖሩም፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ጎረቤታችሁም መርዝ ሲያስቀምጥ እንዲነግራችሁ ቀድማችሁ ለምኑት፤ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም የጎረቤት ሐቅ ነው።

የምንጨርሰው በሁለት ወቅቶች ይሆናል። በዒድ አል-አድሓ ቤት ሁሉ ሥጋ ነው፤ ልጆችም በደስታ ጮማና ጥሬ ቁራጭ ይወረውሩላታል። በአንድ ቀን ብዙ ስብ የበላች ግልገል ታስመልሳለች፤ ተቅማጥም ይይዛታል። ከኡድሒያው ልቡን ወይም ቀይ ቁራጭ ለይታችሁ ቀቅላችሁ፣ በተለመደው ሲኒ ስጧት። በዐቢይ ጾም ወራት ደግሞ የዓሣ ገበያው ስለሚደራ ዋጋው ይወጣል፤ ጭንቅላቱ ግን ያኔም ይጣላል።

በረመዳን የሚረሳው የቀትሩ ምግቧ ነው። እኛ ሱሑርና ኢፍጣር ላይ ብቻ ወጥ ቤት ስለምንገባ፣ እርሷም ሳናውቀው ከእኛ ጋር ትጾማለች፤ በእርሷ ላይ ደግሞ ጾም የለባትም። ሱሑር ላይ ስትነሡ የቀኑን ዓሣ ቀቅላችሁ፣ ከአጥንቱ ለቅማችሁ፣ ከድናችሁ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ ከእኩለ ቀን በፊትና ከዙህር በኋላ ገና ጾም ያልደረሰ ልጅ እንደገና አሙቆ ይስጣት። በእኛ ቤት ይህ ሥራ የተሰጠው ለማን እንደሆነ መገመት አይከብዳችሁም።